ለሙከራ የሚሞት ሰው

ሰው ከሚሠራቸው ስህተቶች ሁሉ ሰርተፍኬት ያለው ስህተት ይከፋል። ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ሲያጠፋ "አላውቅም ነበር" ይልና ይታለፍለታል። እኔ ግን የሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ጨርሼ፣ ሰርተፍኬቴን በመስተዋት አስገጥሜ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር። ስለዚህ የማመልጥበት ቀዳዳ አልነበረኝም።

ነገሩ ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ መካኒሳ ሠፈራችን ውስጥ ዛሬም ይወራል። ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ሲገባ ጫማ እንደሚወለቅ ታውቃላችሁ። ለምን እንደሚወለቅ ያስረዳኝ ሰው እስካሁን የለም፤ ቤተ ክርስቲያንም ይወለቃል፣ መስጊድም ይወለቃል፣ እኛም እናወልቃለን። ሥልጠናውን ስጀምር አስቀድሜ የገዛሁት ዲስኬት ሳይሆን ያልተቀደደ ካልሲ ነበር።

የሠፈራችን ዕድር ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት አለው። ሊቀመንበሩ ሻለቃ ደምሴ ናቸው፤ መንግሥት ሲለወጥ ከሠራዊቱ የወጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ፣ ስብሰባ ላይ የሚያረፍድ ሰው ደግሞ የማይወዱ ሰው ናቸው። ዕድሩን በእውነት ይዘውት የኖሩት ግን ለፋፊው ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ጥሩምባ ነፍተዋል። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባቸው ከተሰማ ሰው ሁሉ የሟቹን ስም እስኪጠሩ አልጋው ላይ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። መዝገብ የሚባል ነገር የላቸውም። ድንኳን የሚተክለው ማን እንደሆነ፣ መቃብር የማን ተራ እንደሆነ፣ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ በቃላቸው ነው። የማን ወገብ እንደሚያመው ያውቃሉ። የተኳረፉ ሰዎች ካሉም ሆን ብለው አንድ የድንኳን ምሰሶ ያስይዟቸዋል፤ ምሰሶው ሲተከል ሰዎቹም ይታረቃሉ።

እንዲህ ያለ ሰው እያለ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። አሁን እኔም እላለሁ። ያኔ ግን አንድ አባላችን የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ለዕድሩ ተሰጠን። የሴቶቹ ኃላፊ እትዬ አስካለ በእጃቸው የጠለፉትን ልብስ አለበሱት። ስድስት ወር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ተቀመጠ። ሻለቃ በዚያ ባለፉ ቁጥር "ይህ ሰውዬ ሥራ ይያዝ እንጂ" ይሉ ጀመር። በመጨረሻ ስብሰባ ላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ ተባለ። እጄ ሁልጊዜ ከጭንቅላቴ ይቀድማል፤ ወጣ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት በአንድ ወፍራም የፈረንጅ መጽሐፍ እየተመራሁ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አባላቱን በወራት እከፍላለሁ፤ የሟቹ ስምና ቀኑ ሲገባ ማሽኑ የዚያን ወር ተረኞች ይመርጥና የጥሪ ወረቀት ያትማል። ወረቀቱ ላይ ስም፣ ሥራ፣ ቀን፣ ሰዓት አለ። የዕድሩ ዘበኛ በየቤቱ ያድላል። በቃ። ጥሩምባም አያስፈልግም፤ ጋሽ ወልዴም ያርፋሉ። ቤት ለቤት እየዞርኩ መዘገብኩ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በየቤቱ ሻይ ስለጠጣሁ ሦስት ሳምንት እንቅልፍም አልነበረኝም።

የወራቱን ቁጥር ከመጽሐፉ ላይ እንዳለ ወሰድኩ። አሥራ ሁለት ይላል፤ አሥራ ሁለት ጻፍኩ። አትፍረዱብኝ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ጳጉሜ ደመወዝ የማይከፈልባት ስለሆነች ወር ናት ብሎ የሚያስታውሳት የለም። ከሰላሳ ዓመት በላይ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ውስጥ ኖሬ፣ አሥራ ሁለት ብዬ ጽፌ፣ በሰላም ተኛሁ።

ሰኔ አሥራ አራት ቀን ፕሮግራሙን ለኮሚቴው ላሳይ ተጠራሁ። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ገባ። ማሽኑ ተከፈተ። "እንግዲህ ለሙከራ አንድ ሰው ይሙትልኝ" አልኩ።

እኔ እንደ ባለሙያ ነው የተናገርኩት፤ እነሱ የሰሙት እንደ ሟርት ነው። ሟች የሚለው ቦታ ላይ ስም ካልገባ ማሽኑ እንደማይሠራ አስረዳሁ። ሁሉም ካልሲውን ማየት ጀመረ። የሻለቃን ስም ላስገባ ብዬ ጣቴን ወደ ኪቦርዱ ስሰነዝር እጄን ያዙኝ።

"ስንት ጦር ሜዳ ያልገደለኝን አንተ በጣትህ ልትገድለኝ ነው?"

እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ የነገሩን ክብደት ያዩት። አዲስ ድስት እንኳ ሳይሟሽ ወጥ አይሠራበትም፣ ይህ ነገር ሳይሟሽ እንዴት ለሐዘን ይወጣል አሉ። ሻለቃም እንግዲያው አንቺ ሙቺለት አሏቸው። እትዬ አስካለ አማተቡ። "ድስቱ ይሟሽ አልኩ እንጂ እኔ ድስቱ ውስጥ ልግባ አላልኩም።" ከዚያ በየተራ በስብሰባው ያልተገኙ ሰዎች ስም ይጠቆም ጀመር፤ ሰው በሌለበት መገደል በኮሚቴ ዘንድ ያለ ነገር ነው። ግን የመጀመሪያው ተጠቋሚ ለካ በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበርና ሐሳቡ በጠብ ተዘጋ። የራስህን ስም ለምን አላስገባህም የምትሉኝ ካላችሁ፣ ለእናቴ አንድ ነኝ።

በመጨረሻ ከራሴ ሰው ፈጠርኩ። አቶ ሙላቱ አልኩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት ብቻ ስላለን የቤት ቁጥሩን ሁለት መቶ አሥራ አምስት አደረግኩት። ቀኑ ሰኔ አሥራ አራት፣ ቀብሩ በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት። ፕሪንተሩ እየጮኸ የጥሪ ወረቀቶቹን ተፋ። የሰኔ ተረኞች አንድም ሳይቀር በየሥራቸው ተሰልፈው ወጡ። ተጨበጨበ። አንዷ የኮሚቴ አባል ደስታው አሸንፏት እልል አለች፤ የሞት ጥሪ መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሻለቃ እዚያው ለጋሽ ወልዴ ሽልማት ወሰኑ፤ ጋቢ ተሰጣቸውና ከአሁን በኋላ ይረፉ ተባሉ። ጋሽ ወልዴ ዕድሜ ይስጣችሁ ብለው ተቀበሉ። ጋቢውን ግን አልለበሱትም፤ በብብታቸው ይዘውት ሄዱ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ ጭብጨባ ላይ ነበርኩ።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ትተናቸው ወጣን። ዘበኛችን ትጉህ ሰው ነው። በማግሥቱ ጠዋት አንዱን በር ላይ ለጥፎ፣ ሌላውን በየቤቱ አደለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ የቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አምስትን ፍለጋ ወጣ። ከሁለት መቶ አሥራ አራት በኋላ ያለው ወንዙ ነው። እኔ ስደርስ ስድሳ ያህል ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ ይተያያል። ድንኳኑም መጥቷል። አንዲት ሴት እያለቀሱ አቶ ሙላቱ ደግ ሰው እንደነበሩና ሰላምታቸው እንደማይጠገብ ይናገሩ ነበር። አንድ ሽማግሌ አብረን ነው ያደግነው አሉ። የፈጠርኩት ሰው እንዲህ የተወደደ መሆኑን ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅናት ቢጤም ተሰማኝ።

በዚያው ሳምንት ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ ከዛሬ ጀምሮ በሕይወት ያለም ሆነ የሌለ ሰው ለሙከራ እንዳይገደል። ሁሉም ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። ሥራዬ በአንድ ልብ ወለድ ሬሳና በአንድ የሰኔ ቀን ተፈትኖ አለፈ ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እግዚአብሔር ሠፈራችንን ጠበቀና ማንም አልሞተም። እኔ ይህንንም ከፕሮግራሙ ጥራት ቆጠርኩት።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ማለዳ የጋሽ ወልዴ እናት አረፉ።

እማማ ብርቄን የማያውቅ የሠፈራችን ሰው የለም። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል። የልጃቸውን ጥሩምባ በጨርቅ የሚወለውሉት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ወልዴ ከመውጣታቸው በፊት "ዛሬ ደግሞ የማን ነው?" ይሉና የሟቹን ስም ሲሰሙ ነፍስ ይማር ብለው ጥሩምባውን ያቀብሏቸዋል። ሃያ ስድስት ዓመት የሠፈሩን ሐዘን ሁሉ ከማንም ቀድመው የሰሙ፣ ከማንም ቀድመው ያዘኑ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለች ሴት ያለ ሰው ብትቀበር የሁላችን ውርደት ነው።

ዜናውን ሰምቼ ወደ ዕድሩ ቤት ሮጥኩ። ሻለቃ ቀድመውኝ ደርሰዋል። የእማማ ብርቄን ስም አስገባሁ፤ ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት። ማሽኑ "ልክ ያልሆነ ወር" አለኝ። ደግሜ አስገባሁ፤ ደግሞ እንደዚያው። የሆነው ነገር ገባኝና ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ነሐሴ ሰላሳ ሦስት ብዬ ልሸውደው ሞከርኩ፤ "ልክ ያልሆነ ቀን" አለ። ሻለቃ ከኋላዬ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ያን ጊዜ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ፤ ከስህተት ሁሉ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው። ተረኛ ካገኘሁ ይበቃኛል ብዬ መስከረም ሦስት አልኩት። ማሽኑ በደስታ ተቀበለ። ፕሪንተሩ ጮኸ። ሻለቃ ማኅተም እየመቱ ለዘበኛው አቀበሉት፤ ዘበኛው በላስቲክ ጠቅልሎ ዝናብ ውስጥ ገባ። የወጣውን ወረቀት ያነበበ አልነበረም። እኔም አላነበብኩትም።

ሻለቃ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ እኔ ወደ ጋሽ ወልዴ ቤት። የሚመጣውን ሰው ልቀበል ነበር አሳቤ። ከጎረቤት እትዬ አስካለና ሦስት ሴቶች ብቻ አሉ። ጋሽ ወልዴ ከበራፋቸው ክፈፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። አራት ሰዓት ሆነ። ማንም የለም። አራት ተኩል ሆነ። በዚያ መንገድ የሚያልፉት የሩፋኤልን ዝናብ እየታጠቡ የሚሯሯጡ ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ ወንበር የለም፣ ውኃ የቀዳ የለም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

"ዝናቡ ይሆናል የያዛቸው" አሉ ጋሽ ወልዴ።

ይህን ያሉት እኔን ለማጽናናት ነው። በራሳቸው ሐዘን ቀን ለቀሩት ሰዎች ሰበብ ይፈልጉላቸዋል። ከዚያ ይልቅ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ቆሜ መጠበቁን አልቻልኩም፤ ጥግ ካለው ሱቅ ድረስ ሮጥኩ። ባለሱቁ ከድንኳን ተካዮቹ አንዱ ነው። ተረጋግቶ ስኳር ይመዝናል። ምነው ቀረህ ብዬ ስጠይቀው የጥሪ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። "አይዞህ፣ መስከረም ሦስት እንገኛለን። ልጅ ከውጭ ይጠበቃል መሰለኝ" አለኝ። ለካ ማሽኑ የዋሸሁትን ቀን እንዳለ በየወረቀቱ ላይ አትሞታል። ማኅተም ስላለበት ማንም አልተጠራጠረም። ሠፈሩ በሙሉ ሬሳው ዐውደ ዓመትን ከእኛ ጋር እንዲውል ተስማምቶ ቁጭ ብሏል።

ተመልሼ ለጋሽ ወልዴ ሁሉንም ነገርኳቸው። አሥራ ሁለት ብዬ መጻፌን፣ መዋሸቴን፣ አለማንበቤን። እትዬ አስካለ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ከመንገዱ መልሰው አዩኝ።

"የማን ተራ ነው ብለህ ደከምክ፣ ልጄ። ጳጉሜ ተራ የላትም። ጳጉሜ የሞተ የሁሉም ነው፤ ሁሉም ይወጣል። እኛ ድሮም እንደዚያ ነው የምናደርገው።"

"ማንም አልነገረኝም፣ ጋሽ ወልዴ።"

"ማንንም አልጠየቅህማ።"

ከዚያ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። ጥሩምባው ከሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። "የእናቴን ሞት እኔ ራሴ አልለፍፍም። አንተ ንፋ።"

በሕይወቴ ጥሩምባ ነፍቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ትንፋሼ ምንም ድምፅ አላወጣም፤ ሁለተኛው ያወጣው ድምፅ ታንቆ እንደሚጮህ ጥጃ ነበር። ግን ማን ያፍራል? ጋሽ ወልዴ በየትኛው መንደር ጀምሬ በየትኛው እንደምመለስ ነገሩኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ በታች በመንገዱ ግራ ይዤ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ፣ እስከ ወንዙ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው። እየነፋሁ፣ እያሳለኝ፣ "እማማ ብርቄ አርፈዋል፣ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ የወጣው ወረቀት ስህተት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" እያልኩ ሮጥኩ። ለፋፊ የራሱን ጥፋት አብሮ ሲለፍፍ የሠፈሩ ሰው ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የጋሽ ወልዴ ጥሩምባ ቢሆን ሰው ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ቤት ብቻ ነበር የሚወጣው። የእኔን ሲሰማ ግን ምን መጣ ብሎ ያልወጣ የለም። የጎረቤት ዕድር አባላት ሳይቀሩ ወጡ፤ አንዱ ሊታረድ የነበረ ከብት ያመለጠ መስሎት ገመድ ይዞ መጣ። ገመዱን ለድንኳኑ ተጠቀምንበት። ሻለቃ ኮታቸውን አውልቀው ምሰሶ ያዙ። ባለሱቁ ስኳር የመዘነበትን ሚዛን እንኳ ሳያስገባ ነው የሮጠው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ቆመ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ብርቄ፣ አንድ ሠፈር ተኩል ሰው ተከትሏቸው፣ በዝናብ ተሸኙ። ጋሽ ወልዴ ዞር ብለው ሰልፉን ሲያዩት አየኋቸው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። እኔም አለቀስኩ፤ ዝናቡ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

መስከረም ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የመጀመሪያው አጀንዳ እኔ ነበርኩ፤ ሁለተኛው ማሽኑ። አብዛኛው ሰው ማሽኑ ይሸጥ፣ እኔም እጄን እንዳላወጣ ልከልከል የሚል ነበር። ጋሽ ወልዴ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ተነሡ። ማሽኑን አትጣሉት አሉ፤ እሳቸውም ጉልበታቸው ደክሟል፤ ነገ እሳቸው ሲሄዱ በቃላቸው የያዙት ሁሉ አብሯቸው መሄዱ ነው። ግን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይፈተን፤ ጥር ላይም ይፈተን፤ ጳጉሜ ላይም ይፈተን።

"ሟች ካስፈለገው እኔ አለሁ። እናቴን ቀብሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ሟርት አልፈራም። በየወሩ ይግደለኝ።"

ሻለቃ ቃለ ጉባኤው እንዲሻር አደረጉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ወልዴ አጠገቤ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ጊዜ ገደልኳቸው። በሞቱ ቁጥር ወረቀቱን እየተቀበሉ ያርማሉ። ኅዳር ላይ ሲሞቱ ባለሱቁን መቃብር ቆፋሪ አድርጌው አገኙት፤ ወገቡን ያመዋል፣ ውኃ ይቅዳልኝ አሉ። ስለዚህ የወገብ ሕመም የሚገባበት ቦታ ጨመርኩ። የካቲት ላይ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ተለያይተው ወጡ፤ አብረህ አድርጋቸው አሉኝ። ለኩርፊያም ቦታ አበጀሁ። ሚያዝያ ላይ ማሽኑ እንዲሁ ቆመና ግማሽ ሰዓት ሳይቀበሩ ቆዩ። ጳጉሜን አሁን አስተካክያት ስለነበር ከአንድ እስከ አምስት ሞከርኩ። በቃ ስል፣ ጳጉሜ ስድስትስ አሉኝ፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ሰው ይሞታል። ጳጉሜ ስድስትም ሞቱ።

የጳጉሜው ጥሪ የሁሉም ስለሆነ ወረቀቱ ተያይዞ እስከ ወለሉ ወረደ። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አድርገው የገዛ ቀብራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንዳንዱ ስም ላይ ፈገግ ይላሉ። ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሁለተኛውን ዙር ሲጨርሱ በመነጽራቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ቤት ነው። አንተ የለህበትም።"

አየሁ። እውነትም የለሁም። ሦስት ሳምንት ቤት ለቤት ስዞር የሁሉን በር አንኳኩቼ የራሴን በር አላንኳኳሁም ነበር። ከኋላችን ቆመው ከሚያዩት ከሻለቃ በኩል ተራ ለማምለጥ ነው የሚል ማጉረምረም ተሰማ። ረስቼው ነው አልኩ፤ ማንም የሚያምነኝ አልመሰለኝም።

"እንግዲያው አሁን ጻፍ" አሉኝ ጋሽ ወልዴ። "አንተ ካልመጣህ አልቀበርም።"

ስሜን ጻፍኩ። ጋሽ ወልዴን እንደገና ገደልኳቸው። ፕሪንተሩ ጮኾ ሲያበቃ የመጨረሻውን መስመር በጣታቸው ፈልገው አገኙት፤ ከስሜ ጎን ድንኳን ተካይ ይላል። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ዛሬ አላስፈለጋቸውም።